ስድስተኛዋ ሮንዴላ

ሎሚ የባሏን የሸሚዝ ቁልፍ እየቆለፈች ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ነው ነገሩ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል የተሰማው። ጠዋት ጠዋት የምትቆልፍለት እሷ ናት። የጉተማ የቀኝ እጁ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ከተቆረጡ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ በግራው መቆለፍ አያቅተውም፣ ግን ጊዜ ይፈጅበታል፣ እሷ ደግሞ ሲታገል ማየት አትወድም። ከግድግዳው ወዲያ ጋራዥ ነው። የጋራዡ ባለቤት፣ የጉተማ ታላቅ ወንድም ዱጋሳ፣ ማልዶ ከመጣ ደንበኛ ጋር ቆሞ ሻይ ይጠጣል፤ ብርጭቆው የመኪና ኮፋኖ ላይ ሲቀመጥ እንኳን እዚህ ድረስ ይሰማል። ደንበኛው፣ "ይሄ የሚጠርግልህ ሰውዬ እጁን ምን ሆኖ ነው?" አለ። ዱጋሳም ድምፁን ሳይቀንስ፣ "ወንድሜ ነው። ጠጥቶ ገብቶ እጁን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ጣለው። ምን ላድርግ፣ የእናቴ ልጅ ነው፣ አልጥለው ነገር፤ ከጓሮ አንድ ክፍል ሰጥቼ አስቀምጬዋለሁ" አለ። ደንበኛው ከንፈሩን መጠጠ። "አንተማ ጽድቅህን እየሠራህ ነው" አለው። የሎሚ ጣቶች ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆሙ። ቀና ብላ ባሏን አላየችውም፤ እሱም ቁልቁል አላያትም። ትንሽ ቆይታ ሦስተኛውን ቆለፈችና ወደ አራተኛው ወረደች።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስምህ ጠፍቷል መባልና ስምህን የሚያጠፋውን አፍ በጆሮ መስማት አንድ አይደለም። ጉተማ ስሙ እንደጠፋ ያውቅ ነበር። መገናኛ ያለ አንድ ጋራዥ፣ "ጣት ባይኖርህም ጆሮህ ይበቃናል፣ ና ግባ" ብሎት ሲያበቃ በሳምንቱ፣ "ይቅርታ፣ ትጠጣለህ አሉን" ብሎ መልሶታል። ኮተቤም እንዲሁ ሆነ። ማን ነው ያላቸው እያለ ጎረቤቱን ጠርጥሯል፣ የዕድሩን ጸሐፊ ጠርጥሯል፣ አንድ ሰሞንማ የሚስቱን አጎት ጠርጥሮ ሰላምታ ነስቶት ነበር። ወንድሙን ግን አልጠረጠረም። ወንድሙ ዝም ያለ ነበር የመሰለው፤ እውነቱን ባለመናገሩ ብቻ ነበር የተቀየመው። ለዚያ ቅያሜ ሲል ሦስት ዓመት ሙሉ "ጋሼ" ብሎ አልጠራውም፤ ቃል ሲያስፈልገው በእጁ ያመለክታል፣ ወይም ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው ፊቱን አዙሮ ይናገራል። ለካ ዝም ቢልማ ኖሮ ጥሩ ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። ኖዝል የምትባለው ናፍታውን ወደ ሞተሩ የምትረጭ ነገር ናት፤ ጫፏ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ለዓይን አይታዩም። ደህና መሆኗን ለማወቅ አንዲት የእጅ ፖምፓ ላይ ትታሰርና ዘንጉ ሲጫን እንደ ጉም ትተፋለች። ሌላው መካኒክ ፊቷ ካርቶን ይደቅናል። ዱጋሳ ግን በእጁ ሥራ የሚኮራ ሰው ነበርና፣ "ካርቶን ለዕውር ነው፣ በመዳፍህ ስማት" ብሎ ነው ታናሹን ያስተማረው። በዚያ ቀን ዘንጉን የጫነው ራሱ ዱጋሳ ነበር፤ ከሰው ጋር እያወራ፣ ወደ እጁ ሳያይ፣ የወንድሙ ጣቶች ጫፏ ላይ ተለጥፈው ሳሉ። ጣቱ ላይ የቀረችው የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ ናት፤ ደም እንኳን አልወጣትም። "በጨው ታጠባት፣ ሥራው አይቁም" አለው ዱጋሳ። ጉተማ ሁለት ቀን ሠራ። በሦስተኛው ቀን እጁ አብጦ ጠቁሮ፣ ሐኪሙ ናፍታው ሥጋው ውስጥ ገብቶ እንደበላው ነገረው። "በዚያው ቀን ብትመጣ ኖሮ" ብሎ ጀመረና የቀረውን ሳይጨርስ ወረቀቱን ፈረመ።

በዚህ በምነግራችሁ ጠዋት ደግሞ ጉተማ ወንድሙን ሊረዳ ነበር፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይሄ ነው። ከዋዜማው የወይዘሮ በለጡ ኤንትሬ፣ ያቺ አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና፣ ስድስት ኖዝሎቿ በአዲስ ተለውጠውላት ነበር። በእያንዳንዷ ኖዝል ሥር ሮንዴላ የምትባል የመዳብ ቀለበት ትቀመጣለች። ኖዝሏ ስትወጣ አሮጌዋ ሮንዴላም አብራ መውጣት አለባት፤ አንዳንዴ ግን በጥላሸት ተጣብቃ ጉድጓዷ ውስጥ ትቀራለች። ማታ ጉተማ ወለሉን ሲጠርግ አሮጌ ሮንዴላዎቹን ለቀመ፣ አምስት ሆኑ። አሸዋውን በእጁ አበጠረ፣ ከጎማው ሥር አየ፣ የዘይት መቀበያውን ገንዳ ገለበጠ። አምስት ናቸው። እንግዲህ ስድስተኛዋ ውስጥ ቀርታ አዲሷ በላይዋ ተደርባለች ማለት ነው፤ ያቺ ኖዝል በአንድ ሮንዴላ ውፍረት ከቦታዋ ከፍ ብላ ናፍታውን ያለቦታው ትተፋለች። አምስቱን በሽቦ ሰካቸውና ኪሱ ከተታቸው። ጠዋት ለወንድሙ ሊያሳየው፣ ምናልባትም "ጋሼ" ብሎ ሊጀምር አስቦ ነበር የተኛው። ሎሚ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትቆልፍለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሽቦውን ጨበጠ፣ ከዚያ ወደ ታች ገፋው። መጥረጊያውን ይዞ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መኪናዋ መጣች። ከየካ ሚካኤል መታጠፊያ ጀምሮ ትሰማ ነበር፤ አንድ ሰው በመዶሻ የብረት በር የሚሰብር ነው የሚመስለው። ነጭ ጭስ እየተፋች፣ አጣናዋን እንደጫነች፣ የጋራዡን በር ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። ወይዘሮ በለጡ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእንጦጦ ጥግ አጣና እያወረዱ ካራ ሰፈር የሚሸጡ፣ ነጠላቸውን እንደ ትጥቅ ወገባቸው ላይ የሚያስሩ ሴት ናቸው። ሹፌሩ በሩን እስኪከፍትላቸው አልጠበቁም።

"ዱጋሳ! ና ውጣልኝ!"

"እትዬ በለጡ፣ ምነው፣ ምን ሆነች?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? አንዷን በመቶ ሰማንያ ብር ስድስት አስገዛኸኝ። በአሮጌዎቹ እያስነጠሳትም ቢሆን ዳገቱን ትወጣው ነበር። ዛሬ አህያ ቀደመችን። እውነቴን ነው፣ ጭድ የጫነች አህያ! ባለቤትየዋ ዞራ 'አይዟችሁ' አለችን።"

"አየር ገብቶባት ነው። አሁን አስወጣላታለሁ፣ ሻይ እስኪጠጡ ትደርሳለች።"

"ሻይህን አልፈልግም። ዳገት የምትወጣ መኪና ነው የምፈልገው።"

ጉተማ የተገለበጠ የናፍታ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ መጥረጊያውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። የምትጮኸው አራተኛዋ ኖዝል እንደሆነች፣ መኪናዋ ገና መንገድ ላይ እያለች በጆሮው ለይቷት ነበር። ደስ አለው። አልዋሻችሁም፣ ደስ አለው። ዱጋሳ የቧንቧዎቹን ብሎኖች እያላላ አየሩን አስወጣ፤ አረፋው ወጣ፣ ናፍታው ጠራ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ መዶሻው ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ናፍታው ውኃ ተቀላቅሎበታል ብሎ የነዳጅ ማደያውን ረገመ፤ ታንከሩን አራግፎ፣ ፊልትሮ ቀይሮ፣ ከራሱ በርሜል ሞላው። መዶሻው እንዳለ ነው። ቧንቧዎቹን አሳስቼ አገናኝቻቸው ይሆናል ብሎ አንድ በአንድ በጣቱ እየተከተለ ከፖምፓው እስከ ሞተሩ ራስጌ ቆጠራቸው፤ ልክ ናቸው። በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ የእያንዳንዱን ቧንቧ ብሎን በየተራ ማላላት ጀመረ። አንደኛውን ሲያላላ ሞተሩ አነከሰ፣ ሁለተኛውን ሲያላላ አነከሰ፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛውን ሲያላላ ግን ሞተሩ ግድ አልሰጠውም። የአራተኛዋን ኖዝል አውጥቶ ከስድስተኛዋ ጋር አቀያየራቸው፤ መዶሻው ከአራተኛው ጉድጓድ አልነቃነቅ አለ። ባትሪ አብርቶ ጉድጓዱን አየ። ጥቁር ክብ ነገር አየ፣ መቀመጫው መሰለው፤ አዲሷ እህቷ ከላይዋ የተነሳችላት ያቺ አሮጌ ሮንዴላ ጥላሸት ለብሳ አፍጥጣ እያየችው ነበር። ጉተማ ኪሱ ውስጥ አምስቱን ቀለበቶች በአውራ ጣቱ እየገፋ እያንዳንዷን የወንድሙን ስህተት እንደ ጉርሻ ዋጣት። አንዴ ብቻ ዱጋሳ ላቡን በክንዱ ጠርጎ ወደ እሱ ዞረ። ድሮ ሞተር ሲያስቸግረው እንዲህ ነበር የሚዞረው፤ "ጆሮህ ምን ይልሃል?" ይለው ነበር። አፉን ከፈት አደረገ። ጉተማ ተነስቶ የተጠረገ ቦታ መጥረግ ጀመረ።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ዱጋሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ወይዘሮ በለጡ መጣ። "እትዬ፣ ነገሩ ከኖዝሉ አይደለም። ባልቦላው ተመትቶ ይሆናል። ሞተሩ መከፈት አለበት" አላቸው። ስንት ነው ሲሉት፣ ዕቃውን ጨምሮ ሦስት ሺህ ብር፣ ጊዜውም ሁለት ሳምንት አለ። ወይዘሮ በለጡ አልጮሁም። የመኪናዋ መወጣጫ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከመጡ መቀመጣቸው ያኔ ነው። ግንቦት እያለቀ ነበር። ዝናቡ ከጀመረ የእንጦጦ ጥግ መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ የተቆረጠው አጣና እዚያው ዳገት ላይ ይበሰብሳል። ጥቂት ቆይተው፣ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ሰቦቃን ይዤ እመጣለሁ። እሱ ፊት ንገረኝ" አሉት። ጋሽ ሰቦቃ ካራ ላይ የጭነት መኪኖችን ተራ የሚያስከብሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሹፌር ሁሉ የት ላሠራ ብሎ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ዱጋሳ ስማቸውን ሲሰማ ጨርቁን ጠምዝዞ ያዘው። ወይዘሮ በለጡ ሲወጡ ጉተማ አጠገብ ቆም አሉ፤ ከዘንቢላቸው ሁለት ብርቱካን አውጥተው መጥረጊያውን በያዘበት ክንዱ ሥር ወሸቁለት። "ለልጅህ ስጥልኝ" አሉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ እንደ እናት፣ በለሆሳስ፣ "መጠጡን ትተሃል አሉ። ጎበዝ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አሉት።

ክፍሉ ከአልጋና ከአንዲት ጠረጴዛ በቀር ሌላ ነገር የሚይዝ አይደለም። ሦስቱ ግድግዳ ጭቃ ሆኖ በጋዜጣ ተለብጧል፣ አራተኛው የጋራዡ ቆርቆሮ ነው፤ ወዲያ ማዶ ብየዳ ሲበየድ በምስማሩ ቀዳዳዎች ሰማያዊ ብርሃን ይገባል። ልጃቸው ጂቱ ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም ነበር። ሎሚ ሽሮውን አቀረበች። ጉተማ ብርቱካኖቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ፣ ቀጥሎ ሽቦውን አውጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠው። ሎሚ የመካኒክ ሚስት ከሆነች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቆጠረቻቸው።

"ስድስተኛዋስ?"

"አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ናት።"

"ያውቃል?"

"አያውቅም። ሞተሩን ሊከፍተው ነው። ሴትዮዋን ሦስት ሺህ ብር አላት።"

ሎሚ እንጀራውን ቆረሰች፣ አልበላችም። "እሳቸው ምን አደረጉህ?" አለችው።

"ብነግራትስ ማን ብላ ታምነኛለች? መጠጡን ትተሃል ጎበዝ አለችኝ።"

ሽሮው ቀዘቀዘ። ጉተማ ከመጀመሪያው ጉርሻ በላይ ሳይበላ እጁን ታጠበ። ሎሚ ቆርቆሮውን ነበር የምታየው፤ ከጠዋት ጀምሮ እሱን እንጂ ሌላ ነገር አላየችም።

"እንግዲያስ በነጻ አትንገረው" አለች።

"ምን ልጠይቀው? ብር?"

"ብር ምን ያደርግልሃል። አፉን ጠይቀው።"

ጉተማ ተነስቶ ከበሩ ኋላ ለማገዶ ከተቀመጠው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱን መረጠ። ተቀመጠና እንጨቱን ከጉልበቱ ጋር በቀኝ እጁ በቀሩት ጣቶች ጨምድዶ፣ በግራው ቢላዋውን ይዞ መጥረብ ጀመረ። ጫፉ የቀጠነ፣ ወደ ኋላው የወፈረ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዘንግ አወጣለት። የተጣበቀች ሮንዴላ በብረት ከተጎረጎረች መቀመጫው ይጫራል፤ የባሕር ዛፍ እንጨት ግን ቀዳዳዋ ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይገባና ሲጠመዘዝ ይዟት ይወጣል። ይህችን ዘዴ ያወጣት ራሱ ጉተማ ነው፤ ጣቶቹ ሙሉ በነበሩ ጊዜ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ሰቦቃ ከዘራቸውን እየመቱ ገቡ፣ ወይዘሮ በለጡ ከኋላቸው። ዱጋሳ የአራተኛዋን ኖዝል የእጅ ፖምፓው ላይ አስሮ፣ ፊቷ ካርቶን ደቅኖ ጠበቃቸው። "ይዩልኝ ጋሽ ሰቦቃ፣ ኖዝሏ ጤነኛ ናት" ብሎ ዘንጉን ተጫነ። ጉሙ ወጣ፤ ካርቶኑ ላይ እንደ አበባ ተዘርግቶ በሳሳው በኩል በስቶ ወጣ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲህ ከሞተሩ ነው" አሉ፣ በሐዘን። ወይዘሮ በለጡ ነጠላቸውን አጠበቁ። በዚህ መሐል ነው መጥረጊያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ የተሰማው።

"ሞተሩ አይከፈትም" አለ ጉተማ።

"አንተ ሂድና ሥራህን ሥራ" አለው ዱጋሳ።

"ሩብ ሰዓት ስጡኝ። ካላስተካከልኳት ከነገ ጀምሮ ከነቤተሰቤ ከዚህ ግቢ እወጣለሁ።"

"ውይ፣ ጠጥቷል እንዴ?" አሉ ወይዘሮ በለጡ።

ጋሽ ሰቦቃ ከዘራቸውን ዘረጉ። "ና ወዲህ። ተንፍስብኝ" አሉት። ጉተማ ሄዶ ፊታቸው ላይ ተነፈሰ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙ። "ሽሮ ነው" አሉ። "ሌላ ነገር የለበትም። በል ዋጋህን ንገራት።"

"የሚከፍለኝ ጋሼ ነው እንጂ እትዬ አይደሉም።"

ዱጋሳ ያንን ቃል ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሰማ አንገቱ ዞረ። ጉተማ ካርቶኑን አነሳና ወደ ጎን ጣለው፤ ግራ እጁን የፖምፓው ዘንግ ላይ አሳረፈ። "በመዳፍህ ስማት" አለው። "እንዳስተማርከኝ።"

"በካርቶን አይተናታል እኮ።"

"ካርቶን ለዕውር ነው ብለኸኛል።"

"ኧረ ምን ከባድ ነገር አለው!" አሉ ወይዘሮ በለጡ። "እጅህን አስቀምጥለትና ይገላግለን።"

እንቢ ማለት ምክንያቱን መናገር ነበር፤ ዱጋሳ ደግሞ መናገር አልፈለገም። እጁን አነሳ። በኖዝሏና በመዳፉ መካከል አንድ ስንዝር ሲቀር ቆመ። "ጠጋ አድርገው" አለው ጉተማ፣ "የእኔ ጫፏን ነክቶ ነበር።" እጁ ተጠጋ። ትንሿ ጣቱ እንደ ጉተማ ትንሽ ጣት ጎበጥ ያለች ናት፤ የአባታቸውም እንደዚያ ነበረች። ዘንጉ ቀላል ነው፣ የሕፃን ክንድ ይበቃዋል። ጉተማ ሊጫነው ተመኘ። ሦስት ዓመት ያልቆለፋቸውን ቁልፎች፣ የመገናኛውን ጋራዥ በር፣ "ጎበዝ" የተባለባትን ብርቱካን አስቦ ተመኘ፤ ክንዱም ትንሽ ወረደ፤ ከኖዝሏ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወጥታ ተንጠለጠለች። ዱጋሳ ጠብታዋን አያት። በኦሮምኛ፣ እናታቸው በምታናግራቸው ድምፅ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ "ተው ወንድሜ" አለው።

"በአማርኛ ተናገር" አለ ጉተማ። "እትዬ በለጡም ይስሙ።"

"ናፍታው ሥጋ ይበሳል።"

"ጣት የሚቆርጠው መቁረጫ ማሽን አይደለም እንዴ? ጠዋት ስትል ሰምቼሃለሁ። ወይ እጅህን አታንቀሳቅሰው፣ እዚያው ይቆይ፤ ወይ ንገራቸው።"

ዱጋሳ እጁን ሳበና በሌላው እጁ አቀፈው፣ የተወጋ ይመስል። "መቁረጫ አይደለም" አለ። "አልጠጣም ነበር። ዘንጉን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው።"

"በምን ታጠብ አልከኝ?"

"በጨው።"

"ሰካራም ነው ብሎ ለመገናኛው ጋራዥ የነገረው ማነው?"

ዱጋሳ ወደ ሽማግሌው አየ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩበት። "እኔ ነኝ" አለ። "ሌላ ቦታ ብትገባ እጅህን ያየ ሁሉ ይጠይቅሃል፣ አንተም ትናገራለህ ብዬ ነው። እዚህ ስትሆን ግን የሚጠየቀው እኔ ነኝ ብዬ።"

ወይዘሮ በለጡ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ጉተማ ዘንጉን ለቀቀው። ወደ መኪናዋ ሄደ፣ ከደረት ኪሱ የባሕር ዛፏን ዘንግ አወጣ፣ አራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ከተታትና በመፍቻ ኋላ ሁለቴ መታ አደረጋት። ጠመዘዘ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ እንደገና ጠመዘዘ። ስትወጣ ጫፏ ላይ አንዲት ጥቁር ቀለበት ሰክታ ወጣች። ጋሽ ሰቦቃ ፊት ይዟት መጣና በጥፍሩ ጫራት፤ ከጥላሸቱ ሥር መዳቡ ቀላ። "ሁለት ሮንዴላ ነበር ተደርቦ" አለና መልሶ ኪሱ የከተተውን ሽቦ አወጣ። "አምስቱ እዚህ ናቸው። ማታ ስጠርግ አንድ ጎደለኝ።" ከዚያ ኖዝሏን በአንድ ሮንዴላ ብቻ አስቀምጦ፣ ቧንቧዋን አስሮ፣ አየሩን አስወጥቶ ሹፌሩን "ንካት" አለው። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ነጭ ጭስ ተፋች፣ በሦስተኛው ጭሱ ሳሳ፣ መዶሻው ጠፋ፣ ስድስቱም እኩል መሄድ ጀመሩ። ሩብ ሰዓቱ አልሞላም ነበር።

ወይዘሮ በለጡ ወደ ጉተማ መጥተው ቆሙ። ጣቶቹ የተቆረጡበትን እጁን አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙትና፣ "ጠዋት ያልኩህን መልስልኝ፣ ልጄ" አሉት። ከዚያ መኪናቸው ላይ ወጡ። ጋሽ ሰቦቃ ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው ሳይዞሩ፣ ለዱጋሳ እንዲሰማ አድርገው፣ "ካራ ላይ የት ላሠራ የሚለኝን ሁሉ፣ ጉተማ ያለበት ጋራዥ ሂድ እለዋለሁ። እሱ ከዚህ የወጣ ዕለት ግን፣ እሱ ያለበትን አፈላልገህ ሂድ እላለሁ" አሉ።

ዱጋሳ ግቢው ባዶ ሲሆን የሚሄድበትን ያጣ ሰው መስሎ ቆመ። "ከነገ ጀምሮ አብረኸኝ ትሠራለህ" አለ። "ጆሮህን ነው የምፈልገው።"

ጉተማ መጥረጊያውን ከመሬት አንስቶ አቀበለው። "ወለሉ ናፍታ ፈሶበታል" አለው። ዱጋሳ ተቀበለ። "የሚጠይቅህ ሁሉ ዛሬ እንደተናገርከው ይነገረዋል። አንድም ሰው ሳይቀር። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ጋሼ።"

ሊመሽ ሲል ሎሚ የሸሚዙን ቁልፍ ትፈታለት ጀመር። ጂቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ከግድግዳው ወዲያ የመጥረጊያው ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ቀጥሎ ቆመ። አንድ የታክሲ ሹፌር ነው የገባው። "ያቺን የምትጮህ ኤንትሬ ያስነሳት ወንድምህ ነው አሉ፣ ጣት የሌለው" አለ። "እጁን ምን ሆኖ ነው?"

የዱጋሳ መልስ አልተሰማም። የሎሚ ጣቶች ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ቆሙ። የታክሲው ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ። ጉተማ ወደ ጠረጴዛው እጁን ዘርግቶ ስድስተኛዋ ሮንዴላ የተጨመረችበትን ሽቦ አነሳ፣ ቆርቆሮውንም በመዳቦቹ አንዴ ብቻ መታው።

"ወንድሜ ነው" አለ ዱጋሳ ከወዲያ ማዶ። ትንፋሽ ወሰደ። "ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ሎሚ ሦስተኛውን ቁልፍ ፈታች።